የሜዳ ጨዋታ ከሜዳ ውጭ፦ ፋሲል ከነማ እና የምሥራቅ አፍሪካ የውድድር ሰሞናት

በምሥራቅ አፍሪካ የቅዳሜና እሑድ ስፖርት ከአገር ውስጥ ሊግ አልፎ ወደ ዓለም አቀፍና ቀጣናዊ ውድድር ከተሸጋገረ ዓመታት ተቆጥረዋል። የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ "ሳፋሪ ሰቨንስ" የተሰኘውን የራግቢ ውድድር ስታስተናግድ ቆይታለች። ኡጋንዳም በ2024 እና በ2025 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ራግቢ ዋንጫን በካምፓላ አስተናግዳለች። በኢትዮጵያ ራግቢ ሥር የሰደደ ስፖርት አይደለም። ይሁንና ውድድሮቹ የሚነሡት ጥያቄ፣ ማለትም አንዲት ከተማ ዓለም አቀፍ ጨዋታ ለማስተናገድ ምን ያስፈልጋታል የሚለው፣ ጎንደርን በቀጥታ የሚመለከት ነው። የከተማዋ ክለብ ፋሲል ከነማ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአፍሪካ የክለቦች ውድድር በተደጋጋሚ ቢሳተፍም "የሜዳው" የተባሉትን ጨዋታዎች ለማድረግ ከጎንደር መውጣት ግድ ሆኖበት ነበር።

ጉዳዩን ለመረዳት በቅድሚያ የውድድር ዓይነቶችን መለየት ይጠቅማል። አንደኛው ተሳታፊዎች ሁሉ በአንድ ከተማ ተሰብስበው የሚጫወቱበት ነው። የሰባት ሰባት ተጫዋቾች ራግቢ የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። አንድ ጨዋታ እያንዳንዳቸው ሰባት ደቂቃ የሚፈጁ ሁለት አጋማሾች ብቻ ስላሉት አንድ ቡድን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሜዳ ይገባል። በዚህም ምክንያት ከደርዘን የሚበልጡ ቡድኖች በሁለት ቀናት ውስጥ ምድባቸውን፣ ሩብ ፍጻሜያቸውንና ፍጻሜያቸውን በአንድ ሜዳ ላይ አጠናቀው ይመለሳሉ። ሁለተኛው ዓይነት ደርሶ መልስ የሚባለው ነው። ኬንያና ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚፋለሙበት የኤልገን ዋንጫ፣ በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ ባለው ተራራ የተሰየመው የራግቢ ውድድር፣ በዚህ መንገድ የተጀመረ ነው፤ አንዱ ጨዋታ በኬንያ፣ ሌላው በኡጋንዳ ይደረግና የሁለቱ ድምር ውጤት አሸናፊውን ይወስናል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ካፍ፣ የክለቦች ውድድሩን የማጣሪያ ምዕራፍ የሚያካሂደውም በደርሶ መልስ ነው።

የደርሶ መልስ ጨዋታ ትርጉም የሚኖረው ሁለቱም ቡድኖች እውነተኛ የራሳቸው ሜዳ ሲኖራቸው መሆኑ ግልጽ ነው። የአየሩ ጠባይ፣ የቦታው ከፍታ፣ የሣሩ ዓይነት፣ የደጋፊው ድምፅና የጉዞ ድካም አለመኖር ተደምረው ለባለሜዳው የሚሰጡት ብልጫ አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከዳሬሰላም ወይም ከኦምዱርማን ለሚመጣ ቡድን ይህ ከፍታ ቀላል የሚባል ፈተና አይሆንም ነበር። "ነበር" ማለት ያስፈለገው እንግዶቹ ቡድኖች ጎንደርን ሳያዩ ስለ ተመለሱ ነው።

ፋሲል ከነማ፣ ደጋፊዎቹ "አፄዎቹ" በሚል ስም የሚጠሩት ክለብ፣ በ2009 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ከተመለሰ በኋላ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከአገሪቱ ጠንካራ ክለቦች ተርታ ተሰልፏል። በ2011 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ በአንድ ነጥብ ልዩነት በመቐለ 70 እንደርታ ቢነጠቅም በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ዋንጫን በማንሳት የኮንፌዴሬሽን ካፕ ተሳትፎ አግኝቷል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ በታሪኩ የመጀመሪያ የሆነውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ወስዷል። "ከነማ" የሚለው መጠሪያ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ከሚለው አጠራር የተወሰደ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ይሆናል። ሌሎች የከተማ ክለቦች ስያሜውን ሲለውጡ ፋሲል እንደያዘው ቀጥሏል። ክለቡ በስሙም በአደረጃጀቱም የነዋሪው ሆኖ ሳለ የአህጉር ጨዋታውን ነዋሪው በከተማው ማየት አለመቻሉ ጥያቄውን ይበልጥ ያጎላዋል።

የመጀመሪያው አጋጣሚ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ከታንዛኒያው አዛም ጋር የተደረገው ጨዋታ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ የተካሄደው በባሕር ዳር ስታዲየም ሲሆን ፋሲል 1 ለ 0 አሸንፏል። በመልሱ ጨዋታ አዛም በሜዳው 3 ለ 1 በማሸነፉ በድምር 3 ለ 2 ውጤት ወደ ቀጣዩ ዙር አልፏል። ውጤቱ ከቁጥሩ በላይ የሚናገረው ነገር አለ። በወቅቱ ይሠራበት በነበረው ሕግ መሠረት ድምር ውጤት እኩል ሲሆን ከሜዳ ውጭ ብዙ ግብ ያስቆጠረው ቡድን ያልፍ ነበር። ፋሲል ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 1 ብቻ ተሸንፎ ቢሆን ኖሮ ድምሩ 2 ለ 2 ይሆንና ከሜዳው ውጭ ባስቆጠራት አንድ ግብ አሸናፊ ይሆን ነበር። ለውጡን ያመጣችው የአዛም ሦስተኛ ግብ ናት ማለት ይቻላል። በባሕር ዳር አንድ ተጨማሪ ግብ ተገኝቶ ቢሆን ግን ያቺ ሦስተኛ ግብ ብቻዋን ለአዛም አትበቃም ነበር፤ ድምሩ 3 ለ 3 ሆኖ ከሜዳ ውጭ ያገባው ፋሲል ብቻ ነውና።

በ2013 ዓ.ም. በዚያው የኮንፌዴሬሽን ካፕ በቱኒዚያው ዩኤስ ሞናስቲር በድምር ውጤት ተሸንፎ ወጥቷል።

ሦስተኛው አጋጣሚ ይበልጥ የሚያስቆጭ ነው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መባቻ ፋሲል የሊጉ ሻምፒዮን ሆኖ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ቅድመ ማጣሪያ ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ተደለደለ። አል ሂላል እ.ኤ.አ. በ1930 የተመሠረተና በ1987 እና በ1992 የአፍሪካ ክለቦች ዋንጫ ለፍጻሜ የደረሰ አንጋፋ ክለብ ነው። ባሕር ዳር ላይ የተደረገው ጨዋታ 2 ለ 2፣ በሱዳን የተደረገው ደግሞ 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። ፋሲል በሁለቱም ጨዋታዎች አልተሸነፈም። ሆኖም ድምሩ 3 ለ 3 ሲሆን አል ሂላል ከሜዳው ውጭ ሁለት፣ ፋሲል ግን አንድ ግብ ብቻ በማስቆጠራቸው ያለፈው አል ሂላል ሆነ። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት ይህንኑ ሕግ የሰረዘው ከጨዋታው ሦስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ነበር። በካፍ ውድድር ግን ገና ይሠራበት ነበር።

እዚህ ላይ የሜዳ ጉዳይ ወደ መሃል ይመጣል። ሕጉ የአል ሂላልን ሁለት ግቦች "ከሜዳ ውጭ የተቆጠሩ" ብሎ ከባድ ዋጋ ሲሰጣቸው መነሻው ፋሲል በሜዳው ነው የሚል ነው። ባሕር ዳር ግን ከጎንደር በመንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በከፍታም ከጎንደር ሦስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ፋሲል እንደ ባለሜዳ ተቆጥሮ የባለሜዳነትን ግዴታ ተሸክሟል፤ የባለሜዳነት ጥቅሙ ግን ግማሽ ብቻ ነበር የደረሰው። ሁለቱ ግቦች ጎንደር ላይ ባልተቆጠሩም ነበር ብሎ መደምደም አይቻልም። ያም ሆኖ አንድ ክለብ በአንዲት ግብ ሚዛን በሚወድቅበት ውድድር ውስጥ እንዲህ ያለው ልዩነት እንደ ጥቃቅን ነገር የሚታለፍ አይደለም።

የገንዘቡም ነገር አለ። አል ሂላል ፋሲልን ካሳለፈ በኋላ በቀጣዩ ዙር የናይጄሪያውን ሪቨርስ ዩናይትድ በተመሳሳይ ሕግ አሸንፎ ወደ ምድብ ተቀላቅሏል። በዚያ ወቅት በነበረው የካፍ የሽልማት ሠንጠረዥ መሠረት በሻምፒዮንስ ሊጉ ምድብ የመጨረሻውን ደረጃ የያዘ ክለብ እንኳ 550 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ያገኝ ነበር። በከተማ አስተዳደር ድጎማ ለሚንቀሳቀስ ክለብ ይህ ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ በጀት የሚያዘጋጅ ማንኛውም ባለሙያ አያጣውም።

ጎንደር ለምን አላስተናገደችም? የአፄ ፋሲለደስ ስታዲየም በአገር ውስጥ ሊግ ለዓመታት ሲያገለግል የቆየ፣ በጨዋታ ቀን ቀይና ነጭ ለብሶ በሚመጣ ደጋፊ የሚጨናነቅ ሜዳ ነው። የደጋፊ እጥረት ኖሮበት አያውቅም። ካፍ ፈቃድ ሲሰጥ የሚመለከተው ግን የተመልካች ብዛትን ብቻ አይደለም። የመጫወቻ ሣሩ ደረጃ፣ ለሁለቱ ቡድኖችና ለዳኞች የተለዩ የመልበሻ ክፍሎች፣ የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ክፍል፣ የሕክምና ክፍልና አምቡላንስ፣ የቴሌቪዥን ካሜራ መቆሚያ፣ የጋዜጠኞች መቀመጫና የመግለጫ አዳራሽ፣ ለምሽት ጨዋታ የሚበቃ መብራትና ተጠባባቂ ጄኔሬተር፣ ቁጥር የተሰጠው የግል መቀመጫ፣ የመውጫና መግቢያ በሮች ብዛት፣ ለእንግዳው ቡድን የሚሆን የልምምድ ሜዳ፣ ከአየር ማረፊያና ከሆቴል ያለው ርቀት ሁሉ ይገመገማሉ። ጎንደር በመጨረሻው በኩል ችግር የለባትም፤ በአዘዞ የሚገኘው የአፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ ለከተማዋ ቅርብ ነው፤ ለጎብኚ የተሠሩ ሆቴሎችም አሏት። ጉድለቱ ያለው በስታዲየሙ አጥር ውስጥ ነው።

ጎንደር ብቻዋን አይደለችም። ከአገሪቱ ትልልቅ ስታዲየሞች አንዱ የሆነው የባሕር ዳሩ ስታዲየም ራሱ በዚሁ መስፈርት ወድቋል። ስታዲየሙ በ2008 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ያስተናገደችው የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ አገሮች ዋንጫ፣ ሴካፋ፣ ከተካሄደባቸው ሜዳዎች አንዱ ነበር። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ከ23 ዓመት በታች የሴካፋ ውድድር ተካሂዶበት ታንዛኒያ ቡሩንዲን በመለያ ምት አሸንፋ ዋንጫ ወስዳለች። በጳጉሜን ወር 2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ ዚምባብዌን 1 ለ 0 ያሸነፈውም እዚያው ነው። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ከተሸነፈበት ጨዋታ በኋላ ግን ካፍ ስታዲየሙን ከዓለም አቀፍ ጨዋታ አገደው። በሚቀጥለው ወር ዋሊያዎቹ ጋናን "በሜዳቸው" የገጠሙት በጆሃንስበርግ ኦርላንዶ ስታዲየም ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉበት፣ በብዙ ዓመታት ውስጥ ከተገኙ ድሎች ሁሉ የላቀው ጨዋታም የተደረገው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ከተማ ነው። ያን ድል በስታዲየም ተገኝቶ ያየ ኢትዮጵያዊ እጅግ ጥቂት ነው።

የባሕር ዳሩ መታገድ ለፋሲል ትርጉሙ ድርብ ነበር። ቀድሞ የደባርቅ፣ የዳባት ወይም የአምባ ጊዮርጊስ ደጋፊ ወደ ጎንደር ወርዶ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ተጉዞ ክለቡን ማየት ይችል ነበር። ከደባርቅ ለሚነሣ ሰው ይህ በአንድ አቅጣጫ ብቻ 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ነው። አድካሚ ቢሆንም የሚቻል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የአህጉር ጨዋታ ከአገር ውጭ ወጣ።

የአገር ውስጡ ሊግም ቢሆን ወደ ጎንደር አልተመለሰም ነበር። የ2012 ዓ.ም. ውድድር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከተቋረጠ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ ክለቦችን በአንድ ከተማ እየሰበሰበ በየተራ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተካሂዷል። የጤና ምርመራን በአንድ ቦታ ለመቆጣጠርና ጨዋታዎቹን በዲኤስቲቪ በቀጥታ ለማስተላለፍ አመቺ የነበረው ይህ አሠራር ነው። ለአምስት ዓመት የተፈረመው የቴሌቪዥን ስምምነት 22.5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር እንደሚያስገኝ በወቅቱ ተገልጾ ነበር። የፋሲል የመጀመሪያ የሊግ ዋንጫ የተገኘው በዚህ ዓመት ነው፤ ይህም ማለት በጎንደር አንድም የሊግ ጨዋታ ሳይደረግ ማለት ነው። ከላይ በተጠቀሰው አከፋፈል ብናየው ሊጉ ከደርሶ መልስ ወደ ራግቢው ዓይነት የአንድ ከተማ ስብሰባ ተቀየረ ማለት ይቻላል። ጎንደር በሁለቱም በኩል የሜዳ ባለቤት ሳትሆን ቀረች።

ከጎረቤት አገሮች ልምድ ሊወሰድ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ሳፋሪ ሰቨንስ የተወለደው በብሔራዊ ስታዲየም አይደለም። በናይሮቢ ንጎንግ መንገድ ላይ በሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ ራግቢ ኅብረት ሜዳ ነው። መጠነኛ፣ ነገር ግን ሣሩ የሚጠበቅ፣ ባለቤቱ የታወቀና ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሜዳ ነው። ውድድሩ ሲያድግ ለተወሰኑ ዓመታት ወደ ትልልቅ ስታዲየሞች ቢዛወርም መሠረቱ የተጣለው እዚያ ነው። በዚህ ባህል ያደገው የኬንያ የሰባት ተጫዋቾች ቡድን ሚያዝያ 9 ቀን 2008 ዓ.ም. በሲንጋፖር ፊጂን 30 ለ 7 በማሸነፍ የዓለም ተከታታይ ውድድር ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ አንሥቷል። ያቺው ፊጂ ከአራት ወር በኋላ በሪዮ ኦሊምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ አግኝታለች።

በእግር ኳሱም ተመሳሳይ ምሳሌዎች አሉ። ፋሲልን ያሸነፈው አዛም የሚጫወተው ከዳሬሰላም መሃል ወጣ ብሎ ቻማዚ በሚባል ሠፈር በራሱ በገነባው ሜዳ ነው። የሚይዘው ሰው ከአሥር ሺህ ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን የካፍን መስፈርት በማሟላቱ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የጂቡቲው አሳስ ክለብ የታንዛኒያውን ያንግ አፍሪካንስን በ"ሜዳው" ያስተናገደው በዚሁ ስታዲየም ነበር። ኡጋንዳም የናምቦሌ ብሔራዊ ስታዲየሟ ለእድሳት በተዘጋበት ወቅት ብሔራዊ ቡድኗ የቫይፐርስ ክለብ ንብረት በሆነው በኪቴንዴ ሜዳ ተጫውቷል። ሁለቱም በስፋታቸው ከባሕር ዳሩ ስታዲየም ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም። የተሟላ ትንሽ ሜዳ ካልተጠናቀቀ ትልቅ ስታዲየም እንደሚበልጥ ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚያስፈልግ አይመስልም።

በአገራችን ስታዲየም ሲታሰብ አስቀድሞ የሚነገረው የሚይዘው ሰው ብዛት ነው። ስድሳ ሺህ፣ ሠላሳ ሺህ እየተባለ የመሠረት ድንጋይ ይጣላል፤ ሲሚንቶው ይቆማል፤ የመልበሻ ክፍሉ፣ መብራቱና ወንበሩ ግን ለ"ሁለተኛው ምዕራፍ" ይተላለፋሉ። የካፍ ተቆጣጣሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ሁለተኛ ምዕራፍ ነው።

ብዙ ሕዝብ በሥርዓት ማስተናገድ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ጥር 11 ቀን በፋሲለደስ መዋኛ ለሚከበረው የጥምቀት በዓል ከአገር ውስጥና ከውጭ የሚመጣውን ሕዝብ ከተማዋ ታስተናግዳለች። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል፤ የነገሥታቱ ግቢ ፋሲል ግንብ በ1979፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በ1978 ተመዝግበዋል። ከስፖርትም አንጻር ቢታይ ደጋው የራሱ ልማድ አለው። በገና ሰሞን በየአጥቢያው ሜዳ ሁለት ወገን ሆኖ ሩሩን በዱላ እየመቱ መፋለም፣ ጌታና ሎሌ ሳይለይ መገፋፋትና በማግሥቱ መሳሳቅ የቆየ ነው። ለገና ጨዋታ የሚያስፈልገው የታጨደ ሜዳ ብቻ ነው። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ለገና፣ ለጉግስ፣ ለትግልና ለገበጣ የጽሑፍ ደንብ ካወጣ ወዲህ ግን እነዚህም ቢሆኑ የተለካ ሜዳና የታወቀ ዳኛ የሚጠይቁ ሆነዋል። ራግቢም ቢሆን ደንብ ከመጻፉ በፊት በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ሜዳ ላይ እንደየቦታው ልማድ የሚደረግ ግፊያ ነበር።

ሥራው የማን ነው የሚለው ጥያቄ በተለይ ለአስተዳደር አካላት ግልጽ መሆን ይኖርበታል። የካፍን የክለብ ፈቃድ የሚያመለክተው ክለቡ ነው፤ ማመልከቻውን መርምሮ የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ነው፤ የስታዲየሙ ባለቤት ግን ብዙውን ጊዜ መንግሥታዊ አካል ነው። ክለቡ የመልበሻ ክፍል ለማስፋት በጀት የለውም፤ በጀት ያለው አካል ደግሞ የካፍን መጠይቅ አይሞላም። በሁለቱ መካከል የሚያድር ወረቀት የውድድሩን ቀን ይበላል። የካፍ ውድድሮች ቅድመ ማጣሪያ የሚጀመረው ብዙውን ጊዜ በነሐሴና በመስከረም በመሆኑ ሜዳ የሚመዘገበው ከዚያ አስቀድሞ ነው። ይህ ወቅት የመንግሥት በጀት ዓመት የሚዘጋበትና አዲሱ የሚከፈትበት ነው፤ ግዥ የሚቆምበትም ጊዜ ነው። በሰሜኑ ደጋ ደግሞ ክረምቱ የሚበረታበት በመሆኑ ሣር ለመትከል እንጂ ሲሚንቶ ለማፍሰስ አይመችም።

ፈቃድ ያለው ሜዳ ሳያስመዘግብ ቀኑ የደረሰበት ክለብ በሌላ አገር ሜዳ መከራየት ይኖርበታል። የሜዳውን ኪራይ፣ የጥበቃና የአምቡላንስ ወጪ፣ የራሱን ቡድን አውሮፕላንና ሆቴል በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል፤ ከመግቢያ ትኬት የሚገኘው ገቢ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። አንድ ክለብ በዚህ መንገድ ሁለትና ሦስት ዓመት ከተሳተፈ የሚያወጣው ገንዘብ መብራት ያስተክላል፣ የመልበሻ ክፍልም ያሳድሳል።